ደመወዝ ቀንሶ ሥራ መልቀቅ፦ ምን ሰጥተን ምን እንገዛለን?

 

በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሚያነባቸው ወረቀቶች ሁሉ እርስ በርሱ በጣም የሚመሳሰለው የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው። በግል ጉዳይ ምክንያት በገዛ ፈቃዴ ለመልቀቅ ወስኛለሁ ይላል፤ ለነበረው ቆይታ ያመሰግናል፤ ፊርማ ይከተላል። እውነተኛው ምክንያት ደብዳቤው ውስጥ የለም። የሚሰማው ሰውየው ክሊራንስ ሲያዞር፣ ንብረት አስረክቦ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ነው። «የተሻለ ተገኘ?» ሲባል ብዙው ሰው «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጥቂቶች ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የምሄድበት ከዚህ ያነሰ ነው የሚከፍለኝ» ይላሉ። እንደ ጥፋት ነው የሚናገሩት። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለ እነዚህ ሰዎች ነው። እኔም ራሴ ከኃላፊነት ቦታ ወርጄ በአነሰ ደመወዝ ወደ ማሠልጠኛ ክፍል የተዛወርኩ በመሆኔ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ።

የማምንበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ደመወዝ መቀነስ ብቻውን ዕረፍት አያመጣም። በቀነሳችሁት ገንዘብ የምትገዙት ነገር አለ፤ እሱም በሰዓታችሁና በሥራችሁ ላይ የማዘዝ መብት ነው። ይህን የገዙ ሰዎች ፊታቸው ሲመለስ አይቻለሁ። ይህን ሳይገዙ ደመወዛቸውን ብቻ የቀነሱ ደግሞ ገንዘቡንም ዕረፍቱንም ሲያጡ አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ «ልቀቁ» ለማለትም «አትልቀቁ» ለማለትም አልመጣሁም። ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ አብረን እንድናየው ነው የመጣሁት።

ነገሩ አየር ላይ እንዳይንጠለጠል አንድ መስክ ልያዝ፤ የባንክ ቅርንጫፍን። በአገራችን የግል ባንክ የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ዛሬ ከ30 በላይ ባንኮች አሉን። በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ የአራትና የአምስት ባንክ ቅርንጫፍ ተደርድሮ ታያላችሁ። ሁሉም የሚፈልጉት ያንኑ ነጋዴ፣ ያንኑ ደመወዝተኛ፣ ያችኑ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላትን እናት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲከፈት ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ዕቅድ ይወርድለታል፦ ይህን ያህል ተቀማጭ፣ ይህን ያህል አዲስ ሒሳብ፣ ይህን ያህል የሞባይል ባንኪንግ ተጠቃሚ፣ ይህን ያህል የውጭ ምንዛሪ። በየምሽቱ የቀኑ ቁጥር በቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፋል። ማን ከማን በላይ እንደዋለ፣ ማን ወደ ታች እንደወረደ ባልደረባ ሁሉ ያያል። ሥራ አስኪያጁ እራት ላይ ሆኖ ስልኩን ይከፍታል።

የዚህን ሥራ ክብደት ያላየ ሰው «ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ ከረባት አስሮ፣ ምን ይደክመዋል?» ይላል። ድካሙ ከጉልበቱ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ የሚጠየቅበት ቁጥር በእጁ የሌለ ቁጥር ነው። አንድ ትልቅ አስቀማጭ ሰኞ ጠዋት ደውሎ «ገንዘቤን ወደ ሌላ ባንክ አዛውርልኝ» ሲለው ሊያስቀረው የሚችልበት ነገር የለውም። ያ ደንበኛ የሚፈልገው ብድር ነው፤ ብድሩን የሚወስነው ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል፤ ምንዛሪውን የሚደለድለውም ሌላ ነው። ለሥራ አስኪያጁ የቀረለት ልመና ብቻ ነው። ዘመድ ይለምናል፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ይለምናል፣ ሠርግ ቤትና ልቅሶ ቤት ሳይቀር ካርዱን ያድላል። ሰኔ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። በሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ቤተሰቡ ተኝቶ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። በመስኮቱ ላይ ያለችው ካሸር የራሷ ጭንቀት አላት፤ ማታ ቆጥራ ስታጎድል የጎደለው የሚፈለገው ከእሷ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ሰውን ለምን እንደሚጎዳ ተመራማሪዎች በደንብ አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ካራሴክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ሰውን የሚያሳምመው የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሥራ በአንድ ወገን፣ ትንሽ የመወሰን መብት በሌላ ወገን ሲገናኙ ነው አለ። ብዙ ሥራ ያለበት፣ ነገር ግን ምን መቼ እንደሚሠራ የሚወስን ሰው ይደክማል እንጂ አይሰበርም። ሐሳቡን በትልቅ ደረጃ የፈተሸው የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞች ጥናት ነው። ዋይትሆል ይባላል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ባሉበት የለንደን ጎዳና ስም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲጀመር፣ ሁለተኛው ማይክል ማርሞት በተባሉ ሐኪም መሪነት በ1985 ከ10,000 በላይ ወንዶችና ሴቶችን ይዞ ተጀመረ። ብዙ ሰው በልብ ሕመም የሚያዘው ትልቁ አለቃ ነው ብሎ ያስብ ነበር። የተገኘው ተቃራኒው ነው። ከመሰላሉ ዝቅ በተባለ ቁጥር የልብ ሕመሙም ሞቱም ይጨምራል። ሲጋራውን፣ ደም ግፊቱን፣ ኮሌስትሮሉን ሁሉ ካሰሉ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ከቀረው ልዩነት ትልቁን ድርሻ ያስረዳው በሥራ ላይ የመወሰን መብት ማነስ ነበር።

ይህን ግኝት ለእኛ ጉዳይ አምጡት። ደመወዝ ቀንሶ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መሄድ ጤና ይሰጣል ብለን በጭፍን ብናምን ዋይትሆል ይቃወመናል፤ ዝቅ ያሉት ናቸውና ይበልጥ የታመሙት። የሚያድነው ዝቅ ማለቱ ሳይሆን በወረዱበት ቦታ ላይ የሚገኘው ነፃነት ነው። አንድ የማውቀው ሰው ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ለቅቆ በግማሽ ደመወዝ ለአንድ አስመጪ ነጋዴ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። ዕቅድ የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ ኦዲት የለም ብሎ ነበር የገባው። ነጋዴው ግን ሌሊት በአምስት ሰዓት ይደውላል፤ እሑድ ጠዋት መጋዘን ያስከፍተዋል፤ ዛሬ ያለውን ነገ ይሽረዋል። በስምንት ወሩ እኔ ዘንድ መጥቶ ሲያጫውተኝ ከበፊቱ ይልቅ ከስቶ ነበር። በሌላ በኩል አንዲት ባልደረባዬ ከዚያው ከቅርንጫፍ ወጥታ በአንድ ኮሌጅ አካውንቲንግ ማስተማር ጀመረች። የምታርመው ፈተና ብዙ ነው፤ ቅዳሜም ታስተምራለች፤ ደመወዟ ያነሰ ነው። ነገር ግን የትኛውን ምዕራፍ መቼ እንደምታስተምር የምትወስነው እሷ ናት። ተማሪው ቢወድቅ ወይም ቢያልፍ እሷ ልትነካው የምትችለው ነገር አለ። እንቅልፏ እንደተመለሰላት ነግራኛለች።

እንግዲህ አዲሱን ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ከደመወዙ እኩል አጥብቃችሁ ጠይቁ። መግቢያና መውጫ ሰዓቴን የሚወስነው ማነው? ማታ ስልኬን ባላነሳ ምን ይሆናል? የምጠየቅበት ነገር በእጄ ያለ ነው ወይ? አለቃዬ የሚሆነው ሰው ሲቆጣ እንዴት ነው? ይህን ሁሉ ቀጣሪው በእውነት አይነግራችሁም። ያን ቦታ ከእናንተ በፊት ይዞ የለቀቀውን ሰው ፈልጉት፣ ቡና ጋብዙት፣ እሱ ይነግራችኋል። የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ነው፤ ሆኖም ይህን ሳያደርግ ፈርሞ የሚገባው ሰው ብዛት ያሳዝነኛል።

ስለ ሕመሙ ራሱ ትንሽ ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መታከትን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ። ምልክቶቹን ሦስት አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ «እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም» የሚል ስሜት። ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ። በቅርንጫፍ ውስጥ አሥር ዓመት የሠራች፣ ሒሳብ በቃሏ የምትሠራ ሴት አንድ ቀን ተነሥታ «እኔ ድሮም አልችልም ነበር» ስትል ሰምቻለሁ። ጭንቀቱ ችሎታዋን እንዳታይ ጋርዷት ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ስለ ደመወዙ በትክክል መደራደር አይችልም፤ የሰጡትን ይቀበላል፤ «ለእኔ ይህም ይበዛል» ይላል። ውሳኔው ገና ጤና ሳለ ይወሰን የምለው ለዚህ ነው።

ሰዓቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው በ17 በመቶ ከፍ ይላል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ያደርገዋል። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በሳምንት እስከ 12 ይፈቅዳል። ሁለቱን ደምሩ፤ 60 ነው። አዋጁን ሳይጥስ የሚያሠራ ቀጣሪ እንኳ ከዚያ አደገኛ መስመር ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ስለ አዋጁ ካነሣሁ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ አዋጅ የሥራ መሪ ተብሎ የሚቆጠርን ሰው አይሸፍንም። ሠራተኛ ሳለህ ለትርፍ ሰዓት በቀን አንድ ተኩል፣ በሌሊት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይታሰብልሃል። አድገህ የሥራ መሪ ስትሆን ደመወዝህ ይጨምራል፤ ያ ጥላ ግን ከራስህ ላይ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የምታመሸው ሰዓት ሒሳብ የለውም። ዕድገት ሲሰጣችሁ የተጨመረው ገንዘብ ከዚህ ጋር ተመዝኖ ያውቃል? ደመወዛችሁን በእውነት ለሠራችሁት ሰዓት ብታካፍሉት፣ ከበታች ሠራተኛችሁ በሰዓት ያነሰ የምታገኙ ኃላፊዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም የሚፈራውም ሳያሰላ ነው።

አንድ ሰው 40,000 ብር ደመወዝ አለው እንበል፤ ወደ 28,000 ብር ሊወርድ ነው። አፉ «12,000 ብር አጣሁ» ይላል። እውነቱ ይህ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ ግብር የሚከፈልበት መጠን 35 በመቶ ነው። በዚያ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ። ስለዚህ ከላይ ከሚቀነሰው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 42 ብሩ ቀድሞውንም ወደ ኪሱ አይገባም ነበር። በ40,000 ብር በእጁ የሚገባው 25,250 ብር ነው፤ በ28,000 ብር 18,290 ይገባል። ልዩነቱ 6,960 ብር ነው። ቤተሰቡ የሚያጣው ይህን እንጂ 12,000 አይደለም። 6,960 ብር ዛሬ ቀላል ገንዘብ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ልንፈራም ልንደፍርም የሚገባን በትክክለኛው ቁጥር ላይ ቆመን ነው።

በተቃራኒው ሰው የማያሰላው ትልቅ ጉዳት ሌላ ቦታ ተደብቋል። የባንክ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ በአነስተኛ ወለድ የቤት ብድር ይወስዳል። ጥሩ ጥቅም ነው፤ ብዙ ሰው ጣራ ያገኘው በእሱ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ግን ወለዱ ብዙውን ጊዜ ወደ መደበኛው የገበያ ወለድ ይለወጣል። 1,500,000 ብር ቀሪ ዕዳ አለበት እንበልና ወለዱ ከ8 በመቶ ወደ 17 በመቶ ቢያድግ በዓመት 135,000 ብር ተጨማሪ ወለድ ይመጣል። በወር ሲታሰብ 11,250 ብር ነው። እዩት እንግዲህ፤ በደመወዝ መቀነስ ያጣው 6,960፣ በብድሩ ያጣው 11,250። ስለ ደመወዙ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያደረው ሰው የብድር ውሉን ገልጦ አላነበበም። የእናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፣ ካልገባችሁ የብድር ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቁ። አበሎችንም እንዲሁ። የነዳጅ ወይም የትራንስፖርት አበል ከግብር ነፃ የሆነው ክፍሉ ሲቀር ሙሉ በሙሉ ከኪስ ነው የሚወጣው፤ እንደ ደመወዙ መንግሥት የሚጋራችሁ የለም። ቦነስና ዓመታዊ ጭማሪ ያለበትን ቤት ለቅቃችሁ እነዚህ ወደሌሉበት ስትሄዱ ደግሞ ልዩነቱ የዛሬው ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ሌላው ጡረታ ነው። የጡረታ አበል የሚታሰበው ከመውጣታችሁ በፊት ባለው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው የአማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ያገኛል። አማካዩ 40,000 ከሆነ 22,000 ብር፤ 28,000 ከሆነ 15,400 ብር። በወር 6,600 ብር፣ ዕድሜ ልክ። ስለዚህ የ35 ዓመት ሰው ደመወዙን ቢቀንስ ጡረታው እምብዛም አይጎዳበትም፤ ወደፊት ሊያድግ ይችላል። የ57 ዓመት ሰው ግን ይህን ሳያሰላ እንዳይነሣ አጥብቄ እመክረዋለሁ። ሦስቱን ዓመት ችሎ፣ ወይም ደመወዙን ጠብቆ ሥራውን ብቻ የሚያቀልበትን መንገድ ፈልጎ ቢቆይ ይሻለዋል።

«ኑሮው እንዲህ በናረበት ዘመን ደመወዝ ቀንሱ ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም መድኃኒቱም እንዴት እንደሄደ ሁላችሁም በኪሳችሁ ታውቁታላችሁ። ለዚህ ነው ከመልቀቅ በፊት ሦስት ወር መለማመድ የምመክረው። ገና በአሮጌው ሥራ ላይ ሳላችሁ አዲሱን የተጣራ ደመወዝ ብቻ አውጥታችሁ ኑሩ፤ ቀሪውን በሌላ ሒሳብ አስቀምጡ። ባልኩት ምሳሌ በሦስት ወር 20,880 ብር ይጠራቀማል። ገንዘቡም ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ግን ቤታችሁ የሚጎድልበትን ቦታ ታያላችሁ። የሚጎድለው ሥጋው ነው ወይስ የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ? ሥጋው ከሆነ ቤተሰብ ይችለዋል። የትምህርት ቤቱ ከሆነ ነገሩ ሌላ ውይይት ይፈልጋል። እቁብ ውስጥ ካላችሁና ዕጣው ወጥቶላችሁ ከሆነ ደግሞ የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ከአዲሱ ደመወዝ ላይ ቀንሳችሁ አስቡት።

ወደ ቤተሰብ ካመጣችሁኝ እዚህ ላይ ብቆይ ደስ ይለኛል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ሰውን የሚያስረው ይህ ነውና። ብዙ ወንዶች ለሚስታቸው ሳይነግሩ ይለቃሉ። ደመወዝ ሲገባ ግን ሚስት ታውቃለች። ያኔ የምትቆጣው በብሩ ማነስ አይደለም፤ ሳትጠየቅ መቅረቷ ነው። ሴቶቹ ደግሞ በተቃራኒው ብዙ ይጠይቃሉ፣ ፈቃድ ይጠብቃሉ፣ በመጠበቅ ላይ ይታመማሉ። ቢሮ ውለው ቤት ገብተው ሌላ ሙሉ ሥራ የሚጠብቃቸው ስለሆነ ጭንቀቱ በእነሱ ላይ ድርብ ነው። ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ ለአንድ ዓመት «ደከመኝ» ሲሉ ሰምታችሁ ምንም ካላላችሁ፣ ስለ ደመወዙ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ድካማቸው ጠይቁ።

ወላጅም አለ። እናት ሰፈር ውስጥ፣ ዕድር ላይ «ልጄ ማኔጀር ነው» ብላ ተናግራለች። ያ ቃል ለእሷ ክብሯ ነው፤ ያን ያህል ዓመት ጠላ ሸጣም ይሁን እንጀራ ጋግራ ያስተማረችበት ምክንያት ነው። ልጁ ከዚያ ወርዶ መምህር ወይም ተራ ኦፊሰር ሲሆን «ምን አጥፍተህ ነው?» ብላ መጠየቋ አይፈረድባትም። በእኛ አገር ሰው ከደረጃው ወርዶ የሚያውቀው ሲቀጣ ነው። በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ውስጥ እንኳ ከደረጃና ከደመወዝ ዝቅ ማድረግ ከከባድ የዲሲፕሊን ቅጣቶች አንዱ ነው። ስለዚህ እናታችሁ ከሰው ከመስማቷ በፊት ከአፋችሁ ትስማ። ስለ ዕቅድና ስለ ተቀማጭ አታብራሩላት። «እማዬ፣ እንቅልፍ አልተኛም ነበር፤ ደም ግፊቴ ጨምሮ ነበር፤ አሁን ግን እመጣለሁ፣ አይሽ ዘንድ ጊዜ አለኝ» በሏት። የደም ግፊትን ቃል የኢትዮጵያ እናት በሚገባ ታውቀዋለች።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የሚሠራው የሚቀነስ ነገር ላለው ሰው ነው። በኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ያለችው ልጅ፣ ሌሊት በር የሚጠብቀው አባት፣ በቀን ሥራ የሚያድረው ወጣት፣ እነሱን «ደመወዛችሁን ቀንሳችሁ ዕረፉ» ማለት ድፍረት ነው። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር የእነሱ መፍትሔ የግል ውሳኔ አይደለም፤ ማኅበር ነው፣ ቁጥጥር ነው፣ የሚከበር ሕግ ነው። ስለ እነሱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ንግግር ይገባል።

ለመልቀቅ ለወሰናችሁ ጥቂት የአካሄድ ነገር ልጨምር። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል። ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብላችኋል፤ አታስቀሩት። የታመማችሁ ከሆነ ከመልቀቃችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሕመም ፈቃድ ለመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ይሰጣል። ስንት ሰው በዚያ ወር ውስጥ አርፎ፣ ሰክኖ፣ መልቀቁን ወይም መቆየቱን በጤናማ ልብ ሊወስን ሲችል በንዴት ደብዳቤ ጽፎ እንደወጣ ባያችሁ! በሰኔ መጨረሻ ላይ የተጻፈ መልቀቂያ ደግሞ አንድ ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቢያድር መልካም ነው፤ ሰኔን ያለፈ ሰው ሐምሌ ላይ ሌላ ዓይን አለው። ሐምሌም መጥቶ ሐሳባችሁ ያው ከሆነ ግን አትጠራጠሩ።

የመጨረሻው ነገሬ ለእናንተ ለኃላፊዎች፣ በተለይ እንደ እኔ በሰው ኃይል ለምትሠሩ ነው። ቅድም የብድሩን ሒሳብ አይታችኋል። ያ ሰው ከባንኩ ቢወጣ ቤተሰቡ በወር 18,000 ብር ገደማ ያጣል። በዚያው ባንክ ውስጥ ወደ ቀለለ ሥራ፣ ለምሳሌ ወደ ማሠልጠኛ፣ ወደ ጥናት፣ ወደ ሰነድ ምርመራ ክፍል በዝቅተኛ ደመወዝ ቢዛወር ግን ሠራተኛ ሆኖ ስለሚቀጥል የብድሩ ወለድ እንዳለ ይቆያል፤ የሚያጣው 6,960 ብር ብቻ ይሆናል። ባንኩም አሥር ዓመት ያሠለጠነውን ሰው አያጣም። እኔ የተረፍኩት በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ይህን ዝውውር ለመጠየቅ በፋይላችን ውስጥ ቅጽ የለም። የዕድገት ቅጽ አለ፣ የዝውውር ቅጽ አለ፣ የቅጣት ቅጽ አለ። በፈቃዱ ዝቅ ማለት የሚፈልግ ሰው የሚሞላው ወረቀት ስለሌለ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ታሞ ይቆያል፣ ወይ በግል ጉዳይ ብሎ ይወጣል። ያንን ቅጽ አዘጋጁ። ምክንያቱን በሚስጥር የሚያስረዳበት አንድ ገጽ፣ ለሁለት ዓመት ሞክሮ ቢፈልግ ተመልሶ መወዳደር የሚችልበት አንድ አንቀጽ፣ ብድሩና የአገልግሎት ዘመኑ እንደማይነካ የሚያረጋግጥ አንድ ፊርማ በቂ ነው። ለማኔጅመንት ስታቀርቡት «ሁሉም ይጠይቀናል» የሚል ይነሣል። ሁሉም ከጠየቀማ ቅርንጫፎቻችሁ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ በዚያው ታውቃላችሁ፤ ዕቅዱንም ከዚያ ተነሥታችሁ ልትከልሱት ትችላላችሁ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ የብድር ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ አብረን እንየው።